ጥለት ሊያመጣ የሄደው ሰው

አክስቴ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ማውራት ባትወድ ኖሮ፣ እኔ አባቴን ያን ያህል ጊዜ ባልጠበቅሁት ነበር። ይህን ስነግራት እስከ ዛሬ ትቆጣለች። «እኔ ምን አደረግሁ? ጆሮሽን ጠይቂው!» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ጆሮዬም ጥፋት አለበት። ግን ጆሮዬ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ የእሷ አፍ ሃምሳ ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ነገሩን ከክፍሏ ልጀምር። ቤታችን ሳሎን፣ መኝታ ቤትና አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረው። ሳሎኑ የእናቴ ነበር፣ ልብስ ሰፊ ነበረች። መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ መሃል ላይ፣ ካውያው ጥግ ላይ። ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ፈልጎ ካገኘ እድለኛ ነው፤ ካገኘም ስፒል ላይ ነው የሚቀመጠው። መኝታ ቤቱ የእናቴና የእኔ ነበር። ጠባቧ ክፍል ደግሞ የአባዬ። አባዬ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሱቅ ነበረው፣ ግን ሱቁ ያልቻለውን ሁሉ ወደ ቤት ያመጣዋል። ክፍሏ ሆዳቸው በተዘረገፈ ሬዲዮኖች ተሞልታ ነበር፣ የብየዳ ጭስ ትሸታለች፣ ግድግዳው ሥር አንድ ፍራሽ አለ። እሱ እዚያ ነበር የሚተኛው። እያመሸ ስለሚሠራ እኛን ላለመቀስቀስ ነው ተብሎ ተነግሮኝ ነበር። አባቶች ሁሉ ሬዲዮ መሃል የሚተኙ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሰሞን አባዬ ሬዲዮኖቹን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ማውጣት ጀመረ።

«ወዴት ልትወስዳቸው ነው?» አልኩት።

«ወደ ሱቅ።»

«ለምን?»

ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ አየኝ። «አንቺ አድገሻላ። እስከ መቼ ከእናትሽ ጋር ትተኛለሽ? የራስሽ ክፍል ያስፈልግሻል፣ አለቃ።»

አለቃ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። እኔም በአለቅነቴ ካርቶኖቹን ከኋላ እየገፋሁ እስከ በር ድረስ አወጣሁለት። በሩን የምከፍትለት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ሳስበው ሰውዬው ጓዙን እያወጣ ነበር። ለእኔ ግን ሹመት ነበር፤ ከሠፈራችን ልጆች የራሷ ክፍል ያላት እኔ ብቻ ልሆን ነው። ለማን ሄጄ ልንገር እያልኩ ስቁነጠነጥ ነበር የሰነበትኩት።

ፍራሹ ወጥቶ የእኔ አልጋ በገባ በማግስቱ፣ አባዬ ጥቅል ወረቀት በብብቱ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ፣ እናቴ በቆረጠችው ጨርቅ ላይ ዘረጋው። ከእጅ መዳፍ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ እንደ መቀነት ረዥም የሆነ ሰማያዊ ወረቀት ነው። ላዩ ላይ ነጭ ጀልባ፣ ቀጥሎ ቢጫ አሳ፣ ቀጥሎ ነጭ ጀልባ፣ ቀጥሎ ቢጫ አሳ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች እናቴ።

«ቦርደር ይሉታል። ግድግዳው ላይ ዙሪያውን የሚለጠፍ።»

«ቦርደር! ጥለት አትለውም? ጥለት እኮ ነው።»

«ግድግዳ ቀሚስ ሆነ እንዴ ጥለት የሚኖረው?»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። አብረው ሲስቁ ያየሁበት የመጨረሻ ቀን ያ ነው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በእኛ ቤት የዚያ ወረቀት ስም ጥለት ሆኖ ቀረ።

እናቴ አንገቷ ላይ የማይጠፋውን ሜትር ይዛ ክፍሏን ዞረች፣ በጣቶቿ እየቆጠረች ተመለሰች። «አይበቃም» አለች።

«ይበቃል።»

«እኔ ለክቼ ነው የምነግርህ።»

«አንቺ የሰው ወገብ ለኪ። ይበቃል አልኩሽ።»

የለጠፍነው እሑድ ጠዋት ነው። አባዬ ከጣሪያው ሥር ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ እኔ ግን አንጋጥጬ አላይም፣ በምደርስበት ይሁን ብዬ አስቸገርኩ። «እሺ አለቃ» አለና በእሱ ደረት ልክ፣ ወንበር ላይ ስወጣ በእኔ ዓይን ልክ አደረገው። ውሃ ልኩን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ በእርሳስ ቀጭን መስመር አሰመረ። ውሃ ልኩ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ስትገባ «ገባች!» ብዬ መጮህ የእኔ ሥራ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን በጀርባው አስተኝቶ ኮላ ቀባው። ኮላው የረጠበ ዱቄት ዱቄት ይሸታል። እሱ ከበሩ ጥግ እየለጠፈ፣ በደረቅ ጨርቅ እየጠረገ ይሄዳል፤ እኔ ያልተለጠፈው መሬት እንዳይነካ ሁለቱን እጄን ዘርግቼ ከኋላው እከተላለሁ። «ጫፉን ያዢ» ይለኛል። «ይዣለሁ» እለዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዳለኝ፣ ስንት ጊዜ እንደመለስኩለት እንጃ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጠዋት ሰው ፈልጎኝ አያውቅም።

አንደኛው ግድግዳ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ፣ ሦስተኛው በመስኮቱ ሥር አለፈ። አራተኛው ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋዬ በላይ ስንደርስ ወረቀቱ አለቀ። እስከ በሩ ድረስ የእኔን ቁመት የሚያህል ባዶ ቀረ። ሲያልቅ ደግሞ በደህና ቦታ አላለቀም። የመጨረሻው አሳ ጭንቅላት አለው፣ ሆድ አለው፣ ጅራት ግን የለውም።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየኋትም።

«አልነገርኩህም?»

«ነግረሽኛል።»

«አንተ መቼ የጀመርከውን ጨርሰህ ታውቃለህ?»

«የጎደለውን አመጣለሁ አልኩ እኮ።»

«ከየት?» አለች። ድምጿ ቀጠነ። «አሁን የጎደለውን ከየት ታመጣዋለህ?»

«ከሱቅ ነዋ!» አልኩ እኔ።

ማንም አልሳቀልኝም። «በልጅቷ ፊት አትጀምሪኝ» አለ አባዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ። እናቴ ሄደች፤ ወዲያው መኪናዋ ትትትትት ማለት ጀመረ። እንደዚያ በፍጥነት ስትሰፋ ሰምቼ አላውቅም፤ ለደንበኛ የቸኮለች መሰለኝ። በወረቀት ምክንያት እንዲህ መጣላታቸው አስገርሞኝ ነበር። አሳ ጅራት ጎደለው ተብሎ ሰው እንዲህ ይናደዳል?

አባዬ ብሩሹን አጠበ። ከዚያ መጥቶ እጁን ራሴ ላይ አደረገ፤ እጁ ኮላ ነበር፤ ፀጉሬ ተጣበቀ። ወንበሩን አስጠጋልኝ። «አለቃ፣ ጫፉ ገና አልያዘም። እስኪደርቅ በመዳፍሽ ያዢልኝ፣ እንዳይላቀቅ። መጣሁ።»

ይሄ ቋንቋችን ጉደኛ ነው። ሰው እግሩን ከበር እያወጣ «መጣሁ» ይላል፣ ማንንም አይገርምም። እኔንም አልገረመኝም። አባዬ የመጨረሻዋን ካርቶን አንስቶ ወጣ። እኔ ወንበሩ ላይ ቆሜ ጅራት የሌለውን አሳ በመዳፌ ያዝኩ። ወረቀቱ ሞቀ፣ ከዚያ ደረቀ። ክንዴ ዛለ፤ በሌላኛው እጄ ቀየርኩት። የእናቴ መኪና ቆመ፣ እንደገና ተነሳ። እናቴ መጥታ ከወንበሩ እስክታወርደኝ ድረስ ያዝኩ። ማታ ፀጉሬን ልታጥብ ስትል እሪ አልኩ፤ ኮላው እንዲወጣ አልፈለግሁም።

አንዳንድ ቀን ሱቅ እንደሚያድር አውቅ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ቀናት አላሰብኩበትም። ሰማያዊ ሸሚዙም ከክፍሌ በር ኋላ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሸሚዙን የተወ ሰው የት ይሄዳል? ግን ቤቱ ጭር አለ። እናቴ ሳታዋራኝ ትውላለች፣ ትሰፋለች፣ ትሰፋለች። ትልቋ እህቷ ልታግዛት በየቀኑ መምጣት ጀመረች። እናቴ «እትዬ» ስለምትላት እኔም እትዬ ነበር የምላት። እትዬ ስትገባ ቤቱ ይንጫጫል፤ ስትወጣ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ጭር ይላል። እኔ የራሴ ክፍል ውስጥ፣ ያ ሁሉ የጓጓሁለት ክፍል ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጀልባና አሳ እቆጥራለሁ። የራስ ክፍል ማለት ብቻ መሆን ማለት መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ቀን እናቴ ክር ልትገዛ ወጥታ፣ እትዬ ሳሎን ውስጥ አንዲት ደንበኛ እየለካች ነበር። ይቺ ደንበኛ በመጣች ቁጥር «ሰውነቴ ቀንሷል፣ አጥብቡልኝ» የምትል፣ እኛም «እሺ» ብለን በዘዴ የምናሰፋላት ሴት ናት። እኔ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ እለቅማለሁ። እትዬ ተንበርክካ የቀሚሱን ጠርዝ በስፒል ትይዛለች፤ ስፒሎቹ ከንፈሯ መሃል ተደርድረዋል።

«አባወራው አይታይም ሰሞኑን» አለች ደንበኛዋ።

እትዬ ዙሪያዋን ገረፍ አድርጋ አየች። እኔን አላየችኝም። ስፒሎቿን እንደነከሰች፣ «ጥለት ነው የሄደው» አለች።

«እንዴ! በስመ አብ! በቃ? እንዲሁ በባዶ?»

«በባዶ።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። እንደዚያ ነው ለካ! ጥለት! የጎደለውን ሊያመጣ! ከጠረጴዛው ሥር እየዳህኩ ወጣሁ። «አሳው ጅራት ስለሌለው ነው!» አልኳቸው።

ደንበኛዋ ደረቷን መታች። እትዬ ስፒል ልትውጥ ምንም አልቀራትም። ከዚያ ያቺ ወፍራም ሴት፣ ቀሚሱ በስፒል እንደተያዘ ጎንበስ ብላ እቅፍ አደረገችኝ፤ ስፒሎቹ ትከሻዬን ወጉኝ። ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ስለ አሳው ያዘነች መሰለኝ። ደግ ሴት ናት ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ወሬውን አዳረስኩት። ባለሱቁ «ሚሚዬ፣ አባትሽ የት ጠፋ?» ይለኛል።

«ጥለት ሊያመጣ ሄዷል።»

«የምን ጥለት?»

«የግድግዳ።»

«እስከዛሬ?»

«ሩቅ ነዋ፣ ጋሼ!»

ባለሱቁ ይስቅና መልሶ ይተወዋል። «ከሽመናው ጀምሮ እየጠበቀ ይሆናል» አለ አንድ ቀን እዚያ ለተቀመጡት ሰዎች፣ እነሱም ወደ መሬት እያዩ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥለቱ ብዙ ሥራ ያለበት፣ ከሩቅ የሚመጣ ነገር መሆኑን ስላረጋገጡልኝ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት።

ወሬው ዞሮ እናቴ ጋ ደረሰ። ራት ስታቀርብልኝ፣ አይታኝ አይታኝ፣ «ጥለት ሊያመጣ ሄደ ብሎ ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«እትዬ።»

በማግስቱ እትዬ ስትመጣ በሩን ዘግተው ተንሾካሾኩ። የእትዬ ሹክሹክታ እንኳን በር የግንብ አጥርም አያግደው፣ ግን «እኔ? እኔ መቼ?» ከሚለው በቀር አልያዝኩም። በቀዳዳ ሳይ እትዬ የገዛ ጉንጯን በጥፊ መታች። የአባዬን ምስጢር፣ ሊያስደስተኝ ያሰበውን ነገር ስላወጣች ተቆጥታት ነው ብዬ ለእትዬ አዘንኩላት።

በዚያው ሰሞን ሰማያዊው ሸሚዝ ከምስማሩ ላይ ጠፋ። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ የለም። እየሮጥኩ እናቴ ጋ ሄድኩ።

«የአባዬ ሸሚዝ የት ሄደ?»

እናቴ ቀና አላለችም። «ለሥራ ተፈለገ» አለች።

እኔ ሳልኖር መጥቶ ወስዶታል ማለት ነው! ቅርብ ነው ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ሱቅ መላክ እምቢ አልኩ፤ ከቤት ከወጣሁ እንዳይመጣብኝ ፈራሁ። ከልጆች ጋር መጫወትም ተውኩ። እየመጡ በመስኮት ይጠሩኛል፣ «ሥራ አለኝ» እላቸዋለሁ። ሥራዬ መጠበቅ ነበር። መጠበቅ ደግሞ ለብቻ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሁለተኛ ሰው የሚያስገባ ቦታ የለውም። የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አልጋዬ ላይ ተነስቼ እቆማለሁ፤ ኮቴው ሲያልፍ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ኮላ በቆርቆሮ በጥብጣ ክፍሌ ገባች። እናቴ አንድ የታጠፈ ነገር ደረቷ ላይ ይዛ ከኋላዋ ቆማለች።

«በይ ተነሺ ከአልጋው፣» አለችኝ እትዬ፣ «ዛሬ ይሄን ጉድ እንገላገለዋለን።»

ገባኝ። ሊሞሉት ነው። አልጋዬ ላይ ቆሜ ባዶውን ግድግዳ በጀርባዬ ከለልኩት፣ እጆቼን ዘረጋሁ። «አይሆንም! የአባዬ ነው! እናንተ ከጨረሳችሁት እሱ ለምን ይመጣል?»

እትዬ ብሩሹን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ኮላው መሬት ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ተይው እትዬ» አለች እናቴ። «ይቅር።»

«ምን ማለት ነው ይቅር? ያን ሁሉ ለፍተሽበት! እስከ መቼ?»

«እስክታድግ።»

«እስክታድግ ድረስ ይሄን ቀዳዳ እያየሽ ልትኖሪ? አንቺም ሰው ነሽ እኮ!»

እናቴ የያዘችውን ነገር እንደገና አጠፈችና የመኪናዋ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከታ ዘጋችው። እኔ «እስክታድግ» የተባለችው አሳዋ መሰለችኝ። ጅራት በራሷ ልታበቅል ትችል ይሆን እያልኩ ለብዙ ቀን በየጠዋቱ እየተነሳሁ አያት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። ካደግሁ በኋላ፣ ሥራ ይዤ፣ አባቴን አንዴ አገኘሁት። ሩቅ አልነበረም፤ በአውቶቡስ አራት ፌርማታ ነው። ሱቁ አለ፣ ሌላ ቤት አለው፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ያው ካርቶኖች መደርደሪያው ላይ ናቸው። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። «ጥለቱ ትዝ ይልሃል?» አልኩት። «የምን ጥለት?» አለኝ። ክፍሌ፣ ግድግዳው፣ ጀልባና አሳ እያልኩ አስረዳሁት። ግንባሩን አሻሸና፣ «እ! ሬዲዮኖቹ የነበሩባት ክፍል! እርጥበት ነበራት እሷ» አለኝ። አልዋሸኝም፤ እርጥበት ነበራት። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ወደ ልጅነቴ ልመለስ። ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህራችን ሁሉንም ፊደል አስቆጥራን ስትጨርስ አንድ ቀን፣ «ዛሬ ዲቃላ ፊደሎችን እንማራለን» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ለእኛ ዲቃላ ስድብ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዞሮ እኔን እያየ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። ለምን እኔን እንደሚያይ አልገባኝም፤ ፊቴ ላይ ጠመኔ ያለ መስሎኝ ጠረግሁ።

መምህራችን ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሏ ጻፈች። «ላ ስትሉ አፋችሁ ይከፈታል። ሏ ስትሉ ግን መጀመሪያ ከንፈራችሁ ይሰበሰባል፣ ሻማ እፍ ብላችሁ እንደምታጠፉ። በሉ!»

ሏ! ሏ! ሏ! ሁላችንም ሻማ ስናጠፋ ዋልን። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፤ «ውሻው ድመቷን አባሯት፣ አባሯት፣ ሲደክመው ጥሏት ሄደ።» አስነሳችኝና አንብቢ አለችኝ። ጎበዝ አንባቢ ነበርኩ፣ እስከ መጨረሻው ተንደረደርኩ። እዚያ ስደርስ አንደበቴ በለመደው ሄደ፤ «ሲደክመው ጥለት ሄደ።»

ልጆቹ ሳቁ። መምህራችን አልሳቀችም። «ጥለት የልብስ ነው። ይሄ ጥሏት ነው፤ ትቷት ማለት ነው። ከንፈርሽን ሰብስቢና በይ።»

«ጥሏት» አልኩ።

«ጎበዝ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የተማርነውን አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ከልጆቹ ተነጥዬ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እርሳሴን አውጥቼ በከንፈሬ መሃል ያዝኩ፣ እትዬ ስፒሎቿን እንደምትይዘው፣ ጥብቅ አድርጌ። «ጥሏት ነው የሄደው» ለማለት ሞከርኩ። ከንፈር ተይዞ አይሰበሰብም። «ጥለት ነው የሄደው» አለ አፌ። እርሳሱን አውጥቼ አልኩት፣ መልሼ ነክሼ አልኩት። የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ አየኝና ሄደ። ደጋግሜ፣ ደጋግሜ አልኩት፤ ሁልጊዜም ያው ነው። የደንበኛዋ እንባ ገባኝ። የባለሱቁ ሳቅ ገባኝ። እርሳሴ በጥርሴ ተበልቶ ቀለሙ ምላሴ ላይ ቀረ፣ መራራ ነበር። አለቀስኩ፤ እዚያ ደረጃ ላይ፣ ብቻዬን፣ የሚያባብለኝ ሳልፈልግ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ መኪናዋ ላይ ነበረች፣ ከንፈሯ መሃል ሁለት ሦስት ስፒል አለ። ቀና ሳትል እንደ ሁልጊዜው ጠየቀችኝ፤ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

«ሏን።»

«እ?»

«ሏን ተማርን። ከፍሏል። ቀጥሏል።» ከንፈሬን በደንብ ሰበሰብኩ፣ ሻማ እንደማጠፋ። «ጥሏት።»

መኪናው ቆመ። እናቴ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ አውጥታ መሰኪያው ላይ ሰካቻቸው። እስክትጨርስ አላየችኝም። ከዚያ አየችኝ። ዓይኖቼ እንዳበጡ አየች፣ ጥቁር ምላሴንም ሳታይ አልቀረችም። «የኔ እናት» ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ወይም ታቅፈኛለች።

«አጥርተሽ አልሽው» አለችኝ።

«እማዬ፣ አሳውን እንጨርሰው።»

ጎንበስ ብላ የታችኛውን መሳቢያ ሳበች። ያ የታጠፈ ነገር ያው እንደታጠፈ ነበር። ስትዘረጋው ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ላዩ ላይ በነጭ ክር ጀልባ፣ በቢጫ ክር አሳ፣ ጀልባ፣ አሳ እያለ ተጠልፏል። መጀመሪያው ላይ ለብቻዋ አንዲት ቢጫ ጅራት አለች። እሷ ስትጠልፈው አይቻት አላውቅም። በኋላ እትዬ እንደነገረችኝ፣ ያንን ወረቀት ፍለጋ ያልዞረችበት ሱቅ አልነበረም። አጣችው፣ ያላትን ቆርጣ ሠራችው።

ኮላውን በጠበጠች። እኔ አልጋዬ ላይ ቆምኩ። «ጫፉን ያዢ» አለችኝ። ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ ከኋላዋ ሄድኩ፣ እሷ ከአሳው ሆድ ጀምራ እየለጠፈች በመዳፏ እየዳበሰች ወደ በሩ ሄደች። ጅራቷ ልክ ቦታዋ ላይ ገባች። እናቴ ትለካለች ስል ቀልዴን አይደለም።

በጣቶቼ ሳልፍበት፣ ከሁለተኛው ጀልባ ሥር አንድ ትንሽ ጉብ ያለ ነገር ነካሁ። ጠጋ ብዬ አየሁት። የቁልፍ ቀዳዳ ነው። በክር ተደፍኗል፣ ግን የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ አለ። ሰማያዊው ሸሚዝ! ለሥራ ተፈለገ ያለችው ሸሚዝ።

ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ የደረሰኝ እኔም ሰው ጠብቄ፣ እኔም ሰው ትቼ ካየሁ በኋላ ነው። ሰው የሚጠብቀውን ሰው ሸሚዝ አይቆርጥም። እናቴ ጉዳይዋን ከመጀመሪያው ሰሞን ጨርሳ ነበር፤ እሱን አንድም ቀን አልጠበቀችውም። ያን ሁሉ ጊዜ ያንን ባዶ ግድግዳ ጠዋትና ማታ እያየች፣ የሰው ሳቅ እየሰማች፣ ጥለቱን መሳቢያ ውስጥ ዘግታ የጠበቀችው እኔን ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችንም ብቻችንን ነበርን፣ እኔ ግን ብቻዬን የሆንኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻው ጫፍ በሩ ጥግ ላይ ነበር። ጨርቅ ስለሆነ ኮላውን ጠጥቶ ቶሎ አልያዘም፤ እየተላቀቀ ይመለሳል። እናቴ እጆቿን አየች፣ እስከ ክንዷ ኮላ ሆነዋል። ወንበሩን አስጠጋችልኝ።

«ነይ፣ በመዳፍሽ ያዢልኝ። እጄን ልታጠብ። መጣሁ» አለችኝ።

ወጣች። ወንበሩ ላይ ቆሜ ጫፉን ያዝኩ። ሳሎኑ ውስጥ የመኪናው ድምፅ የለም። የእግሯ ኮቴ ጓሮ ወዳለው ኩሽና ሄደ፣ ጠፋ። ጨርቁ ከመዳፌ ሥር ቀዝቃዛ ነበር። ቧንቧው ተከፈተ፣ ውሃው ረዥም ጊዜ ወረደ፣ ተዘጋ። ከዚያ ምንም አልሰማም። ልጠራት ፈለግሁ፣ አልጠራኋትም፤ መዳፌን ብቻ ግድግዳው ላይ አጥብቄ ጫንኩ።

መጣች።